ወደ እንጦጦ የሚያወጣው መንገድ የማን ነው?

ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አስፋልት ዳር የቆመ ሰው የተራራውን ታሪክ በዓይኑ ያነባል። ነጠላ ያጣፉ ምእመናን ከማርያም ይመለሳሉ። ልምምዳቸውን የጨረሱ ሯጮች ላባቸው እየተነነ ይወርዳሉ። መስኮታቸውን የዘጉ መኪኖች ወደ መናፈሻው ይወጣሉ። በእነዚህ ሁሉ መካከል፣ ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸው ከእግራቸው ፊት ያለችውን መሬት ብቻ እያየ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዘው ያዘግማሉ። አራቱም ተራራውን የእኔ ይሉታል፤ አራቱም እውነት አላቸው።

ለዓመታት ይህን ዳገት በእግሬ ስወጣና ስወርድ የኖርሁ ሰው ነኝ። እንጦጦ ለሕዝብ ክፍት ነው ወይስ ዝግ ነው የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ በበርና በአጥር ዙሪያ ይሽከረከራል። እኔ በሌላ በኩል ልጀምረው እፈልጋለሁ። ባለፉት መቶ አርባ ዓመታት ገደማ ወደዚህ ተራራ ማን ወጣ? በየትኛው መንገድ? በማን ፈቃድ? እነዚህ ከተመለሱ ስለ በሩ የሚነሳው ክርክር ራሱ መልክ ይይዛል።

የመሬቱ አቀማመጥ

እንጦጦ የአዲስ አበባ ሰሜናዊ ግድግዳ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ሸንተረር ሲሆን ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የከተማዋ መካከል 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ፣ ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ለሚያየው ሰው ልዩነቱ 800 ሜትር ያህል ነው። ከሰሜን፣ ከሱሉልታ ሜዳ በኩል የሚመጣ ሰው ግን ያው ቦታ ኮረብታ ነው የሚመስለው፤ ሜዳው ራሱ ከፍ ያለ ነውና። እኛ ደቡበኞቹ ተራራ ስንለው እነርሱ ኮረብታ ቢሉት ማንም አልተሳሳተም።

ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ በሚያልፍበት አካባቢ፣ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት በወጣ ቅልጥ አለት የተሠራ ነው። በተቦረቦሩት የመንገድ ዳርቻዎች ላይ ግራጫና ፈዛዛ ቀይ ሆኖ የሚታየው ይኸው አለት ነው፤ ከላዩ ያለው አፈር በብዙ ቦታ ስስ ነው። ይህ የአፈር ስስነት ኋላ ስለ ዛፉ ስናወራ ይመለስብናል።

ከሁሉ በላይ ግን እንጦጦ ውሃን ለሁለት የሚለይ ነው። በደቡብ ገጹ የወደቀ ዝናብ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በቀጨኔ፣ በቁርጡሜ አድርጎ፣ ከተማዋን ሰንጥቆ ወደ አቃቂ ይገባል፤ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በሰሜን ገጹ የወደቀው በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይሄድና ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በክረምት ጫፉ ላይ ቆሜ ዝናብ ሲመታኝ ይህን ማሰብ እወዳለሁ። አንዱ ትከሻዬ ላይ ያረፈው ወደ አፋር፣ ሌላኛው ላይ ያረፈው ወደ ግብፅ ይሄድ ይሆናል። ነገሩ ግን ለሐሳብ የሚጥም ብቻ አይደለም፤ ደቡቡ ገጽ ሲራቆት ጎርፉ የሚያርፈው እታች በወንዞቹ ዳር በሰፈሩ ቤቶች ላይ ነው። የተራራው ጉዳይ የከተማው ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተማ የወለደ ተራራ

ከምኒልክ ቤተ መንግሥት በፊት ሰው ነበረ። ተራራው ሥርና ፊንፊኔ ተብሎ በሚጠራው የፍል ውሃ ሜዳ ዙሪያ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ይኖሩ ነበር፤ ጉለሌ የሚለው ስም ዛሬም ክፍለ ከተማ ሆኖ የቀረው ከእነርሱ ነው። ከብት ወደ ፍል ውሃው የሚነዳበትና ወደ ግጦሽ የሚወጣበት መንገድ የተራራው የመጀመሪያ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ስለ እንጦጦ ታሪክ ሲጻፍ ከዚህ ተዘልሎ ከነገሥታቱ መጀመሩ ትክክል አይመስለኝም።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መቀመጫቸውን ከአንኮበር ወደ ደቡብ ምዕራብ እያሸጋገሩ መጡ፤ እንጦጦም ላይ ከተሙ። ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው የቀድሞ ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ በዚያ ይገኛል መባሉና የአባቶችን ስፍራ የማደስ ሐሳብ ነው። ሁለተኛው ግልጽ ነው፤ ከዚህ ጫፍ ላይ ማን እንደሚመጣ ከሩቅ ይታያል። ለጦር ሠራዊት የሚመች ምሽግ ነው።

ለኑሮ ግን አይመችም። እንጦጦ ላይ ያደረ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ነፋሱ እረፍት የለውም፤ ውሃው ሩቅ ነው፤ እህልም ማገዶም የሚወጣው በአህያና በሰው ጀርባ ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል በድንጋይ የተነባበረ ግንብ የሚያስብ ሰው ወደ እንጦጦ ማርያም ሄዶ እንዲያየው እመክራለሁ። ጭቃና እንጨት ነው፤ ግድግዳው በኖራ የነጣ፣ ጣሪያው ሣር ክዳን። ዝቅ ባለው በር ጎንበስ ብሎ የገባ ሰው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በምን ዓይነት ቤት ይኖሩ እንደነበር ይገባዋል፤ የቤቱ ልክ ራሱ የዚያን ጊዜ ብርድ ይናገራል።

እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃው መውረድ የወደዱት ለዚህ ነው። በ1879 ዓ.ም. እታች ሜዳው ላይ ቤት አሠሩ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም እየተከተሉ ወረዱ። ተራራው ግን ክብሩን አልተወም፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው፤ የቀቡአቸውም አቡነ ማቴዎስ ናቸው። እንግዲህ ከተማው ሲወርድ ቤተ ክርስቲያኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ተራራው ላይ በማያቋርጥ መብት ሲወጣ የኖረው ምእመኑ ነው። ወር በገባ በ21 ለማርያም የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ለዚህ ጉዞ ፈቃድ የሚባል ነገር ሊኖር እንደማይችል ያውቃል። በጸበሉ ዙሪያም እንዲሁ ነው፤ በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች ከየክፍለ ሀገሩ እየመጡ በዚህ ተራራ ላይ ተጠልለዋል፤ ሌላው በር ሁሉ በተዘጋባቸው ጊዜ ተራራው አልተዘጋባቸውም።

ባሕር ዛፍ

ከተማው ከወረደ በኋላም እንጨቱ አለቀ። ሠራዊቱ ያነድዳል፤ ቤት ይሠራል፤ አጥር ይታጠራል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተራራው ጥድና ወይራ ተጨፍጭፎ ማገዶ ከአንድ ቀን መንገድ በላይ ርቆ የሚመጣ ሆነ። የቀድሞ ልማድ እንዲህ ሲሆን ከተማን ነቅሎ መሄድ ነበር፤ ምኒልክም አዲስ ዓለምን ለዚህ አዘጋጅተው ነበር። አዲስ አበባን ባለችበት ያቆማት በ1880ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። በቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። ከዚህ የተሻለ ለተቸገረች ከተማ የሚስማማ ዛፍ አልነበረም።

ወቀሳውም አብሮ ጀመረ። ምንጭ ያደርቃል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ አልተፈጸመም። ሊፈጸምም አይችልም ነበር፤ አጣናው ቤት ነው፤ ግንዱ ምሰሶ ነው፤ ቅጠሉ የምጣድ እሳት ነው። የአዲስ አበባ እንጀራ ለስንት አሥርት ዓመታት የተጋገረው በእንጦጦ ቅጠል ነው።

ዛፉ ሲመጣ ባለቤትም መጣ። በነገሥታቱ ዘመን ደኑ በአብዛኛው የባለርስት ነበር፤ አጣና የሚሸጥበት ሀብት። በ1967 ዓ.ም. የገጠርም የከተማም መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ደኑም የመንግሥት ሆነ፤ ጠባቂ ተመደበለት። ጭራሮ መልቀም ከዚያ ወዲህ እንደ ስርቆት የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሕጉ ወጥቶ እሳቱ ግን አልጠፋም፤ ከተማው መጋገሩን አላቆመም፤ ስለዚህ የሚለቅም ሰው ጠፍቶ አያውቅም። የከተማው ፍላጎትና የከተማው ሕግ ተጋጭተው የወደቁት በአንድ ጀርባ ላይ ነው፤ በሴቶቹ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከኋላቸው ደረስሁ። ሸክሙ በገመድ ታስሮ፣ ገመዱ ደረታቸው ላይ ተሻግሮ፣ በሁለት እጃቸው ጫፉን ይዘዋል። ቅጠሉ ከጀርባቸው ግራና ቀኝ ስለተዘረጋ ጠባቡን መንገድ በጎናቸው ነበር የሚያልፉት።

«እናቴ፣ ትንሽ ልያዝልዎት?» አልኋቸው።

«የለም ልጄ፤ መሬት ከነካ ተመልሶ አይነሳልኝም። እዚያ ግንቡ ጋ ላሳርፈው።»

ግንብ ያሉት ከመንገዱ ዳር በወገብ ቁመት የተካበ ድንጋይ ነው። ጀርባቸውን ሰጥተው ዝግ ብለው ጎንበስ አሉና የሸክሙን ሥር ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት። ገመዱን ከደረታቸው ሳያወርዱ ተነፈሱ። ክብደቱ ድንጋዩ ላይ ነው፤ ሲነሱ ወደ ፊት ዘንበል ማለት ብቻ ይበቃቸዋል። የድንጋዩ ከንፈር በብዙ ሸክም ተፍቆ እንደ ወፍጮ መጅ ለስልሶ ነበር። ዳገቱ አይከብድዎትም ወይ ብላቸው፣ «ዳገቱንማ ባዶዬን ነው የምወጣው፤ ጉልበት የሚጨርሰው ቁልቁለቱ ነው» አሉኝ። ለሯጩም ለጎብኚውም ድካም ማለት መውጣቱ ነው። ለእርሳቸው ተራራው የተገለበጠ ነው።

ስለ እነዚህ ሴቶች ሲጻፍ ደኑን አራቆቱት የሚል ክስ ይበዛል። እውነቱን ሳልሸፍን ልናገር። ከዛፉ ሥር የረገፈው ቅጠል ተጠርጎ ሲወሰድ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፤ ስስ አፈር ነው ብዬ ነበር፤ የክረምቱ ዝናብ ቀጥታ ይመታዋል፤ ውሃው ሳይሰርግ ይወርዳል። ይህ ጉዳት ነው። ነገር ግን ቅጠሉን የገዛው ከተማ ሳይወቀስ የተሸከመችው ሴት ብቻ የምትወቀስበትን ሚዛን አልቀበልም።

ሯጩ፣ ተመልካቹ፣ ጎብኚው

የሯጮቹ መንገድ ማንም ያልሠራው ነው። በ3,000 ሜትር ላይ አየሩ ሳስቶ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ እዚያ የለመደ ደም ሜዳ ላይ ሲወርድ ይበረታል። ኃይሌ ገብረሥላሴን ጨምሮ ዓለም ያወቃቸው አትሌቶች በዚህ ደን ውስጥ ሠርተዋል። በባሕር ዛፎቹ መካከል የሚጠማዘዘው የአፈር መንገድ በእግራቸው ብዛት የተከፈተ ነው። ካርታ ላይ ግን የለም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሰማዩም ጋር ሥራ ያለው ሰው ወጥቷል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ የኅዋ ምልከታ ማዕከል ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። በምዕራብ በኩል ደግሞ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ያህል ይዞ፣ የሀገር ዛፎችን መልሶ ለማልማት ይሠራል። ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ወደ ቤቱ እየተመለሰ ማየት ያስደስተኛል፤ የምኒልክ ድኩላ ከሚባለው አውሬ ጋር ድንገት ፊት ለፊት የመገናኘትን ያህል ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ፤ ሸገርን የማስዋብ ሥራ አንዱ ክፍል ነው። ምግብ ቤትና ቡና ቤት፣ የፈረስ ግልቢያ፣ የብስክሌትና የእግር መንገድ፣ የሥዕል አዳራሽ፣ በገመድ የሚንሸራተቱበት መጫወቻ ተሠራ። ምን እንደለወጠ በሐቅ ላስቀምጥ። ከዚያ በፊት ደኑ ውስጥ ብቻውን የሚሄድ ሰው እዘረፋለሁ ብሎ ይሰጋ ነበር፤ ብዙ እናትና አባት ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያ አይወጡም ነበር። ዛሬ ሴት ልጅ ብቻዋን ስትሮጥ፣ ሽማግሌዎች ምርኩዝ ይዘው ሲንሸራሸሩ፣ ልጆች ሲጮሁ ይታያል። ከእንጨት ተሸካሚዎቹም መካከል በመናፈሻው ሥራ ያገኙ እንዳሉ በወቅቱ ተነግሯል። ይህን ሁሉ በበጎ አየዋለሁ፤ ተራራው ባዶ ቢቀር ይሻል ነበር ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መናፈሻ ሲታቀድ ሰው የሚመጣው በመኪና ነው ከሚል ሐሳብ ከተነሣ፣ መንገዱ ለመኪና ይሰፋል፣ ቦታው ለማቆሚያ ይነጠፋል፣ በሩም መኪና በሚገባበት ልክ ይከፈታል። በእግሩ የሚመጣው ሰው አልተከለከለም፤ ግን አልታሰበም። መከልከልና አለመታሰብ በውጤት ብዙ አይራራቁም። ከሽሮ ሜዳ፣ ከቀጨኔ፣ ከጉለሌ የሚኖር፣ ተራራው በቤቱ ጀርባ ያለ ሰው፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ በዋናው በር እንዲገባ ከተደረገ ተራራው ራቀበት ማለት ነው። በካርታ ላይ አልተነቃነቀም፤ በእግር ግን ርቋል።

መንገድ እንደ ቅርስ

በእንጦጦ ላይ ቅርስ ስንል ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሙዚየሙን፣ የምኒልክን ቤት እንቆጥራለን። መንገዱን አንቆጥርም። እኔ ግን ከተራራው ቅርሶች ሁሉ ትልቁ የእግር መንገዱ ነው እላለሁ። ከብት የወረደበት፣ የንጉሡ ስንቅ የወጣበት፣ ምእመን የተሳለመበት፣ ቅጠል የተጋዘበት፣ አትሌት የሮጠበት፤ ብዙው ያው መንገድ ነው። ውሃ ልክ ያልነካው፣ የሰው እግር በትውልድ ልምድ የመረጠው ስለሆነ ዳገቱን የሚከፍልበት ጥበብ አለው። ቁልቁለቱ በሚበረታበት ይጠመዘዛል፣ ጥላ ባለበት ያልፋል፣ ወንዙን በሚያሳልፍበት ይሻገራል።

ይህ መንገድ በወረቀት ላይ ስለሌለ በቀላሉ ይጠፋል። አንድ አጥር፣ አንድ አዲስ አስፋልት፣ አንድ የተተከለ ረድፍ ይበቃዋል። ማንም በክፋት አይዘጋውም፤ መንገድ መሆኑን የሚነግረው የለምና ይዘጋዋል። ስለዚህ በተራራው ላይ የሚደረግ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የእግር መንገዶቹ ተለክተው፣ ተመዝግበው፣ በአካባቢው ነዋሪ ስም ተጠርተው ካርታ ላይ መስፈር አለባቸው። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሰፈሩን የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከጸበሉ አንድ ሰው፣ አንድ ሯጭና አንዲት ቅጠል ተሸካሚ ይዞ ጥቂት ቀን መሄድ ይበቃል። ቅጠል ተሸካሚዋን የጨመርሁት ለርኅራኄ አይደለም፤ ከሁሉም በላይ መንገዱን የምታውቀው እርሷ ስለሆነች ነው።

ቅጠል መሸከም መቅረት አለበት በሚለው እስማማለሁ። የእናቶች ወገብ የከተማ ማገዶ ማጓጓዣ ሆኖ መቀጠል የለበትም። ግን የሚቀረው በምድጃው በኩል ነው። ምጣዱ ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ መብራቱም ሳይቆራረጥ ሲደርስ፣ ለሴቶቹም ሌላ እንጀራ ሲገኝ ይቀራል። መንገዱን በመዝጋት ብቻ የሚቀር ከሆነ በሌሊትና በገደል በኩል ይቀጥላል፤ እንዲያ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይከፋል።

ባለፈው በዚያው ቁልቁለት ስወርድ ከመንገዱ አንዱ ዳር ላይ ጥልቅ የሲሚንቶ ቦይ አየሁ። ለጎርፍ ጥሩ ነው፤ አስፈላጊም ነው። አንዲት ሴት ሸክሟን እንደያዘች ቦዩ አጠገብ ቆማለች። ማሳረፊያ ፍለጋ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። በወገብ ቁመት የተካበ ነገር አልነበረም። ገመዱን ደረቷ ላይ እንደ ገና አጥብቃ ያዘችና መንገዷን ቀጠለች።